ትንሽ ተጫዋች ኳርተርባክ አያሳድድም ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። 16 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። የሚሰለፈው በተከላካዩ መስመር ጫፍ ላይ ነው፤ ሥራውም ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ አሳድዶ መጣል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው። በዚህ ጨዋታ አጭር ይባላል። ሊንኩን በቴሌግራም ላከና ከሥሩ አንዲት መስመር ጨመረ፦ «አጎቴ፣ ይሄ እውነት ነው?»

ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ጨዋታውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ይህን አልክድም። የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። በኤንኤፍኤል፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ አሳዳጅ ተከላካይ ከ1 ሜትር ከ90 ካነሰ ወይም 115 ኪሎ ካልሞላ ተስፋ የለውም። ምክንያታቸው አምስት ነው። ፊዚክሱ አይፈቅድም። የተሳካላቸው ጥቂቶች ሁኔታ ያገዛቸው ናቸው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጋጣሚን ማቆም አይችሉም። ሰውነታቸው ቶሎ ያልቃል። የከሸፉት ደግሞ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ክለቦች በድራፍት፣ በዓመታዊው የወጣቶች ምርጫ ማለት ነው፣ ከዚህ ልክ በታች ያለውን ልጅ እንዲያልፉት ይመክራሉ።

በአንዳንዱ እስማማለሁ፤ የምስማማበትንም ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና የሚያድግ ልጅ አንብቦት ጫማውን ሊሰቅልበት የሚችል ስህተት መሆኑ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ነገርን ከሥሩ ይባል የለ? ከቃሉ ልጀምር። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች «ትንሽ» ይላል። ትንሽ ማለት ግን ምን ማለት ነው? አጭር? ቀላል? ወይስ ክንዱ ያጠረ? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤልቪስ ዱመርቪል የተባለው አሳዳጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። ክብደቱ ግን ወደ 118 ኪሎ ነበር፤ ክንዶቹም ለቁመቱ ረጃጅም ናቸው። ባርኬቪየስ ሚንጎ ደግሞ 1 ሜትር ከ93 ይረዝማል፤ ወደ ሊጉ ሲገባ ግን ወደ 109 ኪሎ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከተቷቸው። ዱመርቪል አጭር ነው እንጂ ቀላል አይደለም። ሚንጎ ቀላል ነው እንጂ አጭር አይደለም። የሁለቱ ዕጣ መለያየቱም በአጋጣሚ አይመስለኝም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። ጸሐፊው እንደሚሉት የኳርተርባኩን ጎን የሚጠብቀው ታክል 1 ሜትር ከ95 ቁመትና 140 ኪሎ አለው። 110 ኪሎ የሆነ ሰው ከሱ ጋር ተጋጭቶ አያሸንፍም።

ልክ ነው፣ ተጋጭቶ አያሸንፍም። ግን ተጋጭ ያለው ማን ነው? የአሳዳጁ ሥራ ታክሉን መጣል አይደለም፤ ኳርተርባኩ ጋ መድረስ ነው። ለዚህ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ታክሉ የኋሊት እየተራመደ ነው፤ አሳዳጁ ወደፊት እየሮጠ ነው። ሁሉም ነገር የሚወሰነው መታጠፊያዋ ላይ ነው። አሳዳጁ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይሮጣል፤ ከዚያ ወደ ኳርተርባኩ መታጠፍ አለበት። ረጅሙ ሰው ሲታጠፍ ደረቱ ለታክሉ እጅ ይጋለጣል። አጭሩ ግን ትከሻውን ዝቅ አድርጎ በብብቱ ሥር ይሾልካል። ታክሉ እሱን ለመያዝ ከወገቡ ማጎንበስ ግድ ይሆንበታል። ከወገቡ ያጎነበሰ ታክል ደግሞ 140 ኪሎው አይጠቅመውም፤ እግሩ ከሥሩ ሄዷልና። አሰልጣኞች ዝቅ ያለው ያሸንፋል ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ነው።

ይህን በቃል ከማስረዳት ድዋይት ፍሪኒን ማየት ይሻላል። ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በ2002 በ11ኛ ተራ መረጠው። 1 ሜትር ከ85 ነው፤ 121 ኪሎ ገደማ። ለዚያ ተራ በጣም አጭር ነው ብለው ምርጫውን የተቹ ብዙ ነበሩ። በመጀመሪያ ዓመቱ 13 ሳክ አስመዘገበ። ሳክ ማለት ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይወረውር መጣል ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ ከጣለው ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። በዚያው ዓመት 9 ጊዜ ኳስ ከተጋጣሚ እጅ አስጥሏል።

ፍሪኒ የሚታወቀው በመሽከርከሩ ነው። እንዲህ ያደርጋል። ኳሷ ስትነሳ በሙሉ ፍጥነት ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ታክሉ እንዳይቀደም ሲል ክብደቱን በሙሉ ወደ ውጭ እግሩ ያዛውራል። ፍሪኒ የሚጠብቀው ያቺን ቅጽበት ነው። የውስጥ እግሩን ይተክልና ጀርባውን ለታክሉ ሰጥቶ ወደ ውስጥ ይሽከረከራል። ታክሉ ሁለት እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው አየር ነው። ልብ በሉ፣ መሽከርከሩ የሚሠራው መጀመሪያ ፍጥነቱ ስለሚፈራ ነው። ፍጥነት የሌለው ሰው ቢሽከረከር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ኳርተርባኩ በውጭ በኩል ያመልጠዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ከቤታቸው ጀርባ ያለው ሣር ላይ ወጣን። እኔን ታክል አድርጎ አቆመኝ። እኔ 95 ኪሎ ነኝ፤ እሱ 84። መጀመሪያ ደረቴ ላይ መጣ፤ ያዝኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው እጄን ልዘረጋ ስል በመዳፉ ጠርዝ አንጓዬን መታኝ፤ እጄ ወረደ፤ ትከሻውን አስግጎ በክንዴ ሥር አለፈ። ስዞር ከኋላዬ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። በሦስቱም ጊዜ ኪሎው ያው 84 ነበር። የተለወጠው እጁ ነው። እጅ ደግሞ ይሠለጥናል።

ማን ያሠለጥናል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፍሪኒን በኮልትስ ያሠለጠነው ጆን ቲርሊንክ የሚባል የመስመር አሰልጣኝ ነው። ይኸው ሰው ከ1992 እስከ 1994 በሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጆን ራንድልን አሠልጥኗል። ራንድል 1 ሜትር ከ85 ነበር፤ ለዚያውም የሚጫወተው መሃል ላይ፣ ግዙፎቹ መካከል ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ከ10 በላይ ሳክ ነበረው። ቲርሊንክ ከ2002 እስከ 2011 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ነበር፤ እዚያ ፍሪኒንና ሮበርት ማቲስን አሠለጠነ። አንድ አሰልጣኝ፣ ሦስት ትንሽ የተባሉ ሰዎች፣ ሦስቱም ከ120 በላይ ሳክ። ጸሐፊው ስለ አሰልጣኝ አንድ ቃል አልጻፉም። ትልቁ ጉድለታቸው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የሁኔታ ጉዳይ ነው። ፍሪኒና ማቲስ ጣሪያ ባለው ስታዲየም ተጫወቱ፤ ሜዳው አያንሸራትትም፤ ከነሱ ወገን ደግሞ ታላቁ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ ነበር። ማኒንግ ነጥብ ሲያከማች ተጋጣሚ ለመድረስ ሲል መወርወር ይገደዳል፤ አሳዳጆቹም ይጠግባሉ። እንዲህ ነው ክርክራቸው። እውነትነት አለው። ማኒንግ ጠቅሟቸዋል፤ ጣሪያውም እንደዚሁ።

ግን 2013ን እንይ። ያኔ ፍሪኒ ወደ ሳን ዲዬጎ ሄዷል። ማኒንግም ወደ ዴንቨር ሄዷል። በኢንዲያናፖሊስ ማቲስ ብቻውን ቀረ። በዚያ ዓመት 19.5 ሳክ አስመዝግቦ ሊጉን መራ፤ በዕድሜው ሙሉ ከሠራው ሁሉ ይበልጣል። ጥቅምት ውስጥ ማኒንግ ከዴንቨር ብሮንኮስ ጋር ወደ ቀድሞ ከተማው መጣ። ማኒንግ በራሱ ግብ ክልል ውስጥ ቆሞ ሊወረውር ክንዱን ሲያነሳ ማቲስ በማያየው በኩል ደረሰበት፤ ክንዱን መታው፤ ኳሷ ከሜዳ ወጣች፤ ለኮልትስ 2 ነጥብ ሆነ። ጨዋታው 39 ለ 33 በኮልትስ አሸናፊነት አለቀ። ማኒንግ ሠራው የተባለው ሰው ማኒንግን ራሱን ጣለው። ማቲስ በ2003 የተመረጠው በ5ኛ ዙር፣ በ138ኛ ተራ እንደሆነም አይዘንጋ።

ዱመርቪልስ? በዴንቨር፣ ጣሪያ በሌለው ስታዲየም፣ በ2009 በ17 ሳክ ሊጉን መራ። በ2014 ደግሞ ባልቲሞር ሬቨንስ ሆኖ እንደገና 17። ሁለት ከተማ፣ ሁለት ቡድን፣ በሁለቱም ከቤት ውጭ። ያንን የሚያብራራ ጣሪያ የለም።

እስቲ የሊጉን የሳክ መሪዎች እንቁጠር። 2004 ፍሪኒ፣ 16። 2009 ዱመርቪል፣ 17። 2013 ማቲስ፣ 19.5። 2018 አሮን ዶናልድ፣ 20.5። ዶናልድ እንደ ራንድል የመሃል ተጫዋች ነበር፤ ለቦታው ትንሽ ተብሎ ነበር። አራቱም ከ1 ሜትር ከ88 አይበልጡም። በ15 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ከሆነ፣ ልዩ አጋጣሚ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በርግጥ ከሁሉም በላይ የቆሙት ትላልቆቹ ናቸው። ብሩስ ስሚዝ 200 ሳክ አለው፤ ሬጂ ዋይት 198። በሁሉም ነገር እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ቢቀርቡልኝ እኔም ትልቁን እመርጣለሁ። ነገር ግን በሁሉም ነገር እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች የሉም።

ሦስተኛው ነጥብ ሩጫ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ ይዘዋል፤ አክብሬ ነው የምመልሰው። በ2006 ኮልትስ በመደበኛው የውድድር ዘመን በየጨዋታው በአማካይ 173 ያርድ ሩጫ አስተናገደ። ከ32ቱ ቡድኖች የመጨረሻው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ጃክሰንቪል በአንድ ጨዋታ 375 ያርድ ሮጠበት። ያንን ጨዋታ የማየት ያህል የሚያም ነገር ለኮልትስ ደጋፊ የለም። ተጋጣሚ ኳሷን ይዞ በቀጥታ በጫፎቹ ላይ ሲመጣ ፍሪኒና ማቲስ አሳዳጅ ሆነው ሽቅብ ሄደዋል፤ ከኋላቸው ሰፊ በር ተከፍቷል።

የዚያ ታሪክ ግን ሁለተኛ አጋማሽ አለው፤ ጸሐፊው አልጻፉትም። በጥሎ ማለፉ ይኸው ቡድን፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ጫፍ ላይ ሆነው፣ የካንሳስ ሲቲን ሯጭ ላሪ ጆንሰን በ32 ያርድ አቆመ። ከዚያም ቺካጎ ቤርስን 29 ለ 17 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን፣ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ወሰደ። ምን ተለወጠ? ጫፎቹ አልወፈሩም። ከለውጦቹ ትልቁ ተጎድቶ የነበረው የኋላ ተከላካይ ቦብ ሳንደርስ መመለሱ ነው። ሳንደርስ 1 ሜትር ከ73 ነው። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ከዚህ የምረዳው አሳዳጁ የሚተወውን በር የሚዘጋ ሰው ከኋላው መኖር እንዳለበት ነው። ያ የአሰላለፍ ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ትንሹ ሁሉ ሩጫ ላይ ደካማ ነው ያለው ማነው? ጄምስ ሃሪሰን 1 ሜትር ከ83 ነው። በ2002 በድራፍት የመረጠው ቡድን አልነበረም። ፒትስበርግ ስቲለርስ ከአንዴም ሁለቴ አሰናብቶታል። በ2008 በ16 ሳክ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ፤ ሳይመረጥ ገብቶ ይህን ሽልማት የወሰደ ከሱ ሌላ የለም። ሃሪሰንን ገፍቶ በሱ በኩል መሮጥ ማንም የሚመኘው ሥራ አልነበረም። ዝቅ ያለና ክብደት ያለው ሰው ለሩጫም ግድግዳ ነው። አጭር እና ቀላል ይለዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቶሎ ያልቃሉ በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቁጥሩ ይበቃል። ፍሪኒ 16 የውድድር ዘመን። ራንድል 14። ማቲስ ከ2003 እስከ 2016 በአንድ ክለብ። ሃሪሰን እስከ 39 ዓመቱ። ፍሪኒ በየካቲት 2010 ሱፐር ቦውል ላይ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጥሶ ገባና ኳርተርባኩን ድሩ ብሪስን በአንድ እጁ ጎትቶ ጣለው፤ ከእረፍት በኋላ ግን እግሩ ደረቀበት። ሰውነት ዋጋ ያስከፍላል፤ ትልቁንም ትንሹንም። ይኸው ሰው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ36 ዓመቱ፣ ከአትላንታ ጋር ሱፐር ቦውል ገብቶ ቶም ብሬዲን ጥሏል።

የቀረው የከሸፉት ነገር ነው። ጸሐፊው ሁለት ስም ያነሳሉ፤ ሚንጎና ቪክ ቢዝሊ። ሚንጎ በ2013 በ6ኛ ተራ ተመርጦ የተጠበቀውን አልሆነም። ቢዝሊ በ2016 በ15.5 ሳክ ሊጉን መራ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 5፣ 5 ብቻ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሁለቱም ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ናቸው! በጸሐፊው የቁመት ልክ ያልፋሉ። የወደቁት በክብደት ነው። በተለይ ቢዝሊ ላይ እኔ የማየው የውጭ ፍጥነቱን ነው። ታክሎች ያንን ሲለምዱ ሁለተኛ መልስ አልነበረውም። ፍሪኒ ፍጥነቱ ሲለመድ ይሽከረከራል፤ መሽከርከሩ ሲለመድ ደረት ላይ ይገባል። ቢዝሊ ጋ ያ አልነበረም። ረጅምና ቀላል መሆን እኔም የሚያሳስበኝ ነገር ነው፤ ለታክሉ ሰፊ ደረት ይሰጣል፤ ያንን የሚያካክስ ክብደት ግን የለውም።

ደግሞ ከሸፈ የሚባለው ሁሉ ከሽፏል ወይ? ሃሰን ሬዲክን አሪዞና ካርዲናልስ በ2017 በ13ኛ ተራ መረጠው። 1 ሜትር ከ85፣ 109 ኪሎ ገደማ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከጫፍ እየተነሳ ያሳድድ ነበር። ሊጉ ውስጥ ግን ለጫፍ ትንሽ ነህ ተብሎ ወደ መሃል፣ ከመስመሩ ኋላ፣ ተመለሰ። ሦስት ዓመት፣ 7.5 ሳክ። ክለቡም አምስተኛ ዓመት የማቆየት መብቱን ተወው። የጸሐፊው ዓይነት ጽሑፍ ያኔ ቢጻፍ የሬዲክ ስም ከከሸፉት ተርታ ይገባ ነበር። በ2020 ግን ዋናው አሳዳጅ ቻንድለር ጆንስ ተጎዳ፤ ሬዲክም ከጫፍ ብዙ መነሳት ጀመረ። በዚያ ዓመት 12.5። ከነዚህ አምስቱ በአንድ ቀን፣ በኒውዮርክ ጃይንትስ ላይ። በቀጣዩ ዓመት ካሮላይና፣ 11። በ2022 ፊላደልፊያ፣ 16። በ2023፣ 11።

በጥር 2023 በተደረገው የኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ወደ ሱፐር ቦውል በሚያሳልፈው ጨዋታ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሬዲክን እንዲያግድ ያቆመው ታክል አልነበረም፤ ታይት ኤንድ፣ ኳስም የሚቀበል ከታክል ቀለል ያለ ተጫዋች ነበር፣ አንድ ለአንድ። ሬዲክ ዞረው፣ የኳርተርባኩን የብሮክ ፐርዲን የሚወረውር ክንድ መታ፣ ኳሷ ወደቀች። ፐርዲ ክርኑ ተጎዳ፤ የጨዋታው ነገር እዚያ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ታይት ኤንድ ስለገጠመው ነው የሚል ካለ፣ አዎ። ግን ለምን ብቻውን ተተወ? ፊላደልፊያ በዚያ ዓመት 70 ሳክ ነበረው፤ አራት ሰዎች ከ10 በላይ ነበራቸው። ለሁሉም ሁለት ጠባቂ መመደብ አይቻልም። ሬዲክ ጋ ምንም የተለወጠ ቁመት የለም። ቦታው ተለወጠ፤ አብረውት የሚሰለፉት ተለወጡ።

እንግዲህ ክለቦች ከ1 ሜትር ከ90 እና ከ115 ኪሎ በታች ያለውን ይለፉት የሚለው ምክር ይቀራል። ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ ክለቦች ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። ዱመርቪል በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ዓመቱ 20 ሳክ አስመዝግቦ እስከ 4ኛ ዙር፣ እስከ 126ኛ ተራ የጠበቀው በዚህ ምክር ነው። ከዚያ ደግሞ ትንንሾቹ ከላይ ተራ ስላልተመረጡ አይችሉም ይባላል። በሩን ዘግቶ ለምን አልገባህም እንደማለት ነው።

ራንድልን በ1990 የመረጠው ቡድን አልነበረም። ወንድሙ የሚጫወትበት ታምፓ ቤይ ሞክሮት ትንሽ ነው ብሎ አልፎታል። የቫይኪንግስ መልማይ ደግሞ 250 ፓውንድ፣ ማለትም 113 ኪሎ ገደማ ሆነህ ከመጣህ እናስፈርምሃለን አለው። ራንድል ያን ያህል አልነበረም። በሚዛኑ ቀን ከሹራቡ ሥር ሰንሰለት ታጥቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሞላ። ፈረመ። 137.5 ሳክ አስመዝግቦ በ2010 የዝና አዳራሽ ገባ።

ለእህቴ ልጅ ይህንን ጽፌ ልኬለታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሣሩ ላይ እንገናኛለን፤ የግራ እጁ ገና ይቀረዋል።